የተበተነው ወለል

ጥርሱ የተገኘው ከጣውላ ውስጥ ነው። አናጺው አርቪድ ሳሪ ለልጁ ሳሎን ሊያነጥፈው ያዘጋጀውን፣ ሜፕል ከሚባል ጠንካራ እንጨት የተሠራ አሮጌ ጣውላ ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ጣውላ ከጣውላ በሚጋጠምበት የጎኑ ቦይ ውስጥ ለዘመናት የተጋገረውን ቫርኒሽና እድፍ በሚስማር ጫፍ እየፋቀ ነበር። ድንገት አንድ ነገር ተፈናጥሮ ጭኑ ላይ ዱብ አለ። መጀመሪያ ጠጠር መሰለው። መስኮቱ ጋ ወስዶ ሲያየው የሰው የፊት ጥርስ ነው፤ ግማሹ በወርቅ ተለብጧል። ጣውላውን መልሶ ሲያገላብጠው ቦዩ ውስጥ እንጨቱ ከዳር እስከ ዳር ጠቁሯል። አርቪድ ዕድሜውን ሙሉ እንጨት ያየ ሰው ስለሆነ፣ ይህ የደም እንጂ የውሃ ጥቁረት እንዳልሆነ አላጣውም። ሚስማሩን አስቀምጦ ስልክ ደወለ።

ኢንስፔክተር ማርሊስ ካንጋስ ስትመጣ ጥርሱ በንጹሕ መሀረብ ላይ ተቀምጦ፣ አርቪድ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር።

«ነክተኸዋል?»

«ጭኔ ላይ ወደቀ እኮ ማርሊስ! እንዴት ነው የማልነካው?»

ጣውላው ከየት እንደመጣ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ፔልኮላ ከተማ ውስጥ የትምህርት ቤቱን ወለል የማያውቅ የለም። መጀመሪያ የመዳብ ማዕድን ማውጫው ተዘጋ፣ ቀጥሎ ሱቆቹ፣ በመጨረሻ ተማሪ ጠፍቶ ትምህርት ቤቱ። የቅርጫት ኳስ አዳራሹ ከመፍረሱ በፊት አርቪድ ወለሉን እየነቀለ ግቢው ውስጥ ከመረው፣ የከተማው ሰውም እየተጋፋ ገዛው። አንዱ ማድ ቤቱ፣ አንዱ መኝታ ቤቱ አነጠፈው። ምንም ያልቀረው ሕዝብ፣ ልጅ ሳለ የሮጠበትን እንጨት ሽማግሌ ሆኖ በባዶ እግሩ ሊረግጠው ፈለገ፤ ማን ይፈርድበታል?

«ይሄኛው ከየት በኩል ነው?» አለች ማርሊስ።

«እሱን ልነግርሽ እችላለሁ። ሜፕል ሲገጠም ወረቀት እንኳን አያሳልፍም። ጥርስ የሚውጥ ክፍተት የነበረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከማሞቂያው ምድጃ በላይ፣ የስፖርት ፍራሾቹ የሚቀመጡበት ጥግ። ሙቀቱ አድርቆ አኮማተረው።»

«የጥጉ ቀሪ ጣውላስ ማን ዘንድ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! በሽያጩ ቀን ወገቤ ይዞኝ ተኝቼ ነበር። ሰው ራሱ እየመረጠ ጫነ። መሀሉ ላይ ለተሳለው የቡድኑ ተኩላ ራስ ሊደባደቡ ነበር አሉ። የጥጉን ማን ይፈልገዋል? ዳር ላይ አረንጓዴ መስመር አለችው፣ ሌላ ምንም የለው።»

«ጉድ ፈላ» አለች ማርሊስ። ወንጀሉ የተፈጸመበት ቦታ ተነቃቅሎ በየሰው ቤት ተበትኗል፤ ሰውም ቁርስ ይበላበታል።

ጥርሱ የማን እንደሆነ ገና መሀረቡን ስትገልጠው ጠርጥራለች። በልጅነቷ ይህን ከተማ ለቅቆ ስለጠፋ ልጅ ሲወራ የወርቅ ጥርሱ ሳይነሳ አይቀርም ነበር።

የዚያ ልጅ እናት ሌምፒ ሉኦማ ሰማንያ አልፏታል። ቤቷ ሐይቁን ያያል። ማርሊስ ስትደርስ ዋይኖ ሄይኪላ በረንዳው ሥር የተፈለጠ እንጨት እየደረደረ ነበር። የትምህርት ቤቱ የምድጃ ሠራተኛና የሌሊት ዘበኛ የነበረ፣ ሚስት ያላገባ፣ ቃል የሚቆጥብ ሽማግሌ ነው። የሌምፒን የክረምት እንጨት የሚፈልጠው እሱ ነው፤ በረዶዋን የሚጠርገው፣ ጣሪያዋን የሚደፍነው እሱ።

«ደህና ነሽ፣ ልጄ?» አላት።

«ደህና ነኝ ጋሽ ዋይኖ። እማማ አሉ?»

«የት ትሄዳለች ብለሽ ነው?» አለና ወደ እንጨቱ ዞረ።

ሌምፒ መሀረቡን ስትገልጥ አልጮኸችም። ጥርሱን በሁለት ጣቷ አንስታ ወደ ብርሃን አዞረችው።

«የባሌ ቀለበት ነው» አለች። «ባሌን ማዕድኑ በላው። ልጄ ቶድ ኳስ ሲጫወት ጥርሱን ሰብሮ መጣ። ገንዘብ አልነበረኝም፤ ቀለበቱን አቀለጥንለት። ከየት አመጣሽው? ከሄደበት ከተማ ከሚልዋኪ?»

«ከዚሁ ነው እማማ። ከትምህርት ቤቱ።»

ሌምፒ ጥርሱን መሀረቡ ላይ መለሰችው። በሠላሳ ምናምን ዓመት ውስጥ ስለ ልጇ የምታውቀው ይህን ብቻ ነበር። አሠልጣኙ ከቡድን አባረረው፤ ቤት ገብቶ ከእናቱ ጋር ተጣላ፤ እሷም አስወጥታ በሩን ዘጋችበት። በማግስቱ ጓደኛው ሩዲ «ማታ በአውቶቡስ ወደ ሚልዋኪ ሲሄድ ሸኝቼዋለሁ» አለ። የያኔው ሸሪፍም አምኖ መዝገቡን ዘጋ። ደብዳቤ የለ፣ ስልክ የለ። ከተማው «ልጇ ትቷት የሄደ እናት» ይላታል፤ እሷም ራሷን እንዲያ ትላለች።

«አንቺ የካንጋስ ልጅ፣ ስሚኝ። ሞቷል ልትይኝ ነው፣ ገብቶኛል። እኔ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። ጥሎኝ ሄዶ ነበር ወይስ አልሄደም? ሌላው ይቅርብኝ።»

«እነግርዎታለሁ» አለች ማርሊስ፤ ቃሉ ካፏ ሲወጣ ፈራች።

ከዚያ በኋላ ማርሊስ የሰው ቤት ወለል ላይ ስትንበረከክ ሰነበተች። ባትሪዋን ይዛ፣ አልጋ እያስገፋች፣ ምንጣፍ እየገለበጠች፣ አረንጓዴ መስመርና ሰፊ ክፍተት ፈለገች። «ፖሊስ ወለሌን ሊነቅል ነው!» እያለ ያልጮኸ የለም። አንዲት ባልቴት ማድ ቤቷ መሀል ወንበር አስቀምጣ ተቀመጠችበት፤ አልነሳም አለች።

አሠልጣኙ ጎርደን ራስክ በሩን ሲከፍት ቀድሞ ያየው እግሯን ነው።

«ጫማ ይውለቅ! በዚህ ቤት ተኩላውን በጫማ የረገጠ የለም።»

የማድ ቤቱ መሀል ላይ የቡድኑ ተኩላ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ማርሊስ በካልሲ ገብታ ተንበረከከች። ጣውላው ጥብቅ ነው፤ ጥቁረትም የለው።

«ቶድ ሉኦማን ትመታው ነበር ይባላል።»

«ጥፊ አቅምሼዋለሁ፣ አልክድም። እኔ ያልመታሁት ልጅ አለ እንዴ በዚህ ከተማ? ያንቺን ወንድም ጠይቂው።» ፊቱ ቀላ። «ያን ቀን ጠዋት ካባረርኩት በኋላ ግን እኔ እዚህ አልነበርኩም። ከቡድኑ ጋር ሄጄ ተሸንፈን፣ በረዶው መንገዱን ዘግቶት የሰው አገር ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ አደርን። ያልገባሽ ካለ ልጆቹን ጠይቂ፤ ሁሉም ጎልማሳ ሆነዋል፣ ሁሉም እስካሁን ወገባቸውን ያማቸዋል።»

«መንገዱ መቼ ተዘጋ?»

«ከቀትር በኋላ ነዋ! መንገድ የሚጠርገው የበረዶ ማረሻ መኪና ራሱ በረዶ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ድመት እንኳን ወደ ፔልኮላ አልገባም፣ አልወጣም።»

ማርሊስ ጫማዋን እያሰረች እጇ ቆመ። ወደ ፔልኮላ የሚያስገባው መንገድ አንድ ነው። ማረሻ ያላለፈበትን መንገድ የሚልዋኪ አውቶቡስ በምን በኩል አለፈው? ይህን ሸሪፉ ያን ጊዜ ቢጠይቅ ኖሮ በአንድ ቀን ያልቅ ነበር። አልጠየቀም። ዛሬ ደግሞ ሸሪፉ መቃብር ነው፣ የሚቆጡት ሰው የለም።

ሩዲ ቴርቮ መጠጥ ቤት አለው። ከወለሉ የደረሰውን የቢራ ባንኮኒ አድርጎታል፤ የቅጣት መወርወሪያው መስመር ከዳር እስከ ዳር ብርጭቆዎቹ ሥር ያልፋል። ቀን ስለሆነ ሰው አልነበረም።

«ሥራ ላይ ነሽ ወይስ ልቅዳልሽ?»

«ሩዲ፣ ቶድን አውቶቡስ ላይ ስታሳፍረው በረዶ ነበር?»

«ትንሽ ነበር መሰለኝ።»

«ማረሻውን የዋጠ በረዶ ነው ትንሽ የምትለው?»

ሩዲ ብርጭቆ ማጽዳት ጀመረ። የጸዳውን ብርጭቆ መልሶ አጸዳው።

«እግሬ ተሰብሮ ከቡድኑ ቀርቼ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ማታ መጣና መስኮቴን አንኳኳ። ‹እናቴ አስወጣችኝ፣ ላስደነግጣት ነው› አለኝ። ‹ነገ ጠዋት ከጠየቀችህ ሚልዋኪ ሄደ በላት። ትንሽ ታልቅስ፤ ከዚያ እገባለሁ።› ሳቅን። ማርሊስ፣ እየሳቅን ነበር።»

«የት ሊያድር?»

«አዳራሹ ፍራሽ ላይ፣ ከምድጃው በላይ። እዚያ ይሞቃል። የጓሮ በሩ አይዘጋም ነበር።»

«ጠዋት ሳይመለስስ?»

«ለናቱ የተባልኩትን ነገርኳት። ቀጥሎ ሸሪፉ መጣ፤ ለሱም ያንኑ። ማታውኑ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቀረ። ከዚያ … በእውነት ሄዷል አልኩ። የምሩን ሄዶ ከሆነ እኔ አልዋሸሁማ! እንዲያ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ምን ያህል እንደምጠጣ ታውቂያለሽ።» ዓይኑ ውሃ ሞላ። «ሌምፒ እኮ በመንገድ ስታገኘኝ ‹ጻፈልህ?› ትለኛለች። እስካሁን!»

ማርሊስ ልትሰድበው ፈልጋ ተወችው። ሰውዬው ራሱን የሰደበው ይበቃዋል።

«በዚያ ሰዓት ሕንጻው ውስጥ ማን ነበር?»

«ማንም። ማለቴ፣ ከዋይኖ በቀር። እሱ ታች ምድጃው ጋ ነበር የሚያድረው።»

መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተሩን ሳታስነሳ ተቀመጠች። ዋይኖ ሰምቶ ይሆናል፣ ማን እንደገባ አይቶ ይሆናል፤ እንደ ምስክር ነው የምጠይቀው አለች ለራሷ። ከዚያ በላይ ማሰብ አልፈለገችም። በልጅነቷ የጠፋ ጓንቷን ፈልጎ ምድጃው ላይ አድርቆ የሰጣት ሰው ነው።

ቅዳሜ ነበር። በዚያ አገር ቅዳሜ ከሰዓት የሳውናው፣ የእንፋሎት መታጠቢያው፣ ጭስ ከየጓሮው ይነሳል። ቅዳሜ የመጣ እንግዳም ሳይታጠብ አይመለስም። ቤቱ ስትደርስ ዋይኖ ገና ሲያያት ፎጣ አወጣ።

«ምድጃው ደርሷል። ግቢና ታጠቢ፤ እኔ ኋላ እገባለሁ።»

«ለጥያቄ ነው የመጣሁት ጋሽ ዋይኖ።»

«ጥያቄ ታጥቦም ይጠየቃል።»

እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ ፎጣውን ተቀብላ ወደ ልብስ ማውለቂያዋ ክፍል ገባች። ካፖርቷን ሰቅላ ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ ስትል ወለሉን አየችው፤ ሜፕል ነው።

ማርሊስ እንደተጎነበሰች ቀረች። በዚህ አገር ልጅ እንኳን ያውቃል፤ የሳውና ቤት ወለል ዝግባ ነው፣ ጥድ ነው። ሜፕል በእንፋሎት ያብጣል፣ ይጎብጣል፣ ሁለት ክረምት ሳይሞላው ጠቁሮ ይበሰብሳል። ያንን የመሰለ እንጨት እዚህ የሚያነጥፍ ወይ እንጨት የማያውቅ ነው፣ ወይ እንዲበሰብስ የሚፈልግ ነው። ዋይኖ ደግሞ እንጨት ያውቃል። ጣውላዎቹ ጠርዝ ጠርዛቸው ወደ ላይ ተቆልምሟል። ግድግዳው ሥር አረንጓዴ መስመር ነበረች። በክፍተቶቹ መሀል የቆየ ጥቁረት ይታያል፤ እንፋሎት ያመጣው አይደለም።

በሩ ተከፈተ። ዋይኖ ባልዲ ይዞ ቆሟል። እሷን አየ፣ ዓይኗ ያረፈበትን አየ፣ ባልዲውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ጥርሱ መገኘቱን ሌምፒ ነገረችኝ» አለ። «አንድ ጣውላ መጉደሉን ሳነጥፍ አውቄ ነበር። የት እንደሄደ ግን አላወቅኩም።»

«ጋሽ ዋይኖ፣ ዝም ማለት መብትዎ ነው። ጠበቃ …»

«ዝም ብዬ ኖርኩ እኮ።» አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። «የካንቲኑ የገንዘብ ሳጥን ተደጋግሞ ተሰብሮ ነበር። ሌባውን ካልያዝክ ከሥራ ትወጣለህ ብለውኛል። ሁሉም ለጨዋታ ሄዷል፤ ከላይ ኮቴ ሰማሁ። እንዳይሸሸኝ ብዬ መብራት አላበራሁም። የከሰል አካፋው እጄ ላይ ነበር። ከፍራሹ ቀና ሲል አንድ ጊዜ መታሁት። አንድ ጊዜ ነው፣ ማርሊስ። መብራቱን ሳበራ ቶድ ነው።»

«ወዲያው ሞተ?»

«አልሞተም። ትንሽ ቆየ። ‹እዚህ መተኛቴን ለናቴ እንዳትነግራት፤ ጠዋት እገባለሁ› አለኝ። የማን እጅ እንደመታው እንኳን አላወቀም። እኔ እንዳልቆጣው ነበር የሚለምነኝ።»

ከክፍሉ ወዲያ በሳውናው የጋሉ ድንጋዮች ላይ ውሃ ጠብ ሲል ይንጫጫል። ዋይኖ ድምፁን ሳይቀይር ቀጠለ። በረዶ የሆነው ሐይቅ ላይ ለዓሣ መረብ የሚጥልበት ቀዳዳ ነበረው፤ አስከሬኑን ማገዶ በሚጎትትበት የበረዶ መንሸራተቻ ወስዶ እዚያ አስገባው። ሲነጋ እጁን ሊሰጥ ተነሳ። ከዚያ ከተማው ሁሉ «ቶድ አውቶቡስ ተሳፈረ» እያለ አገኘው። መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ነበር።

«በሚቀጥለው መኸር ሌምፒ እንጨት ስትፈልጥ አየኋት። መጥረቢያውን ተቀበልኳት። ከዚያ እንዴት ብዬ ልንገራት? በነገርኳት ማግስት ማን ይፈልጥላታል?»

«ጣውላውን ለምን አላቃጠሉትም?»

«አንዱን ምድጃው ውስጥ ከተትኩት። መልሼ አወጣሁት፤ እጄ ተቃጠለ። በራሱ ጊዜ ይለቅ ብዬ እዚህ አነጠፍኩት። እኔም በራሴ ጊዜ እስካልቅ። ሰው ሳሎን ውስጥ ልጆች እንዲንከባለሉበት ግን አልፈቅድም ነበር።»

ማርሊስ ካፖርቷን አወረደች። ይህን ሽማግሌ ልትጠላው ሞከረች፤ አልሆነላትም። ልታዝንለትም ሞከረች፤ ሌምፒ ትዝ አለቻት። እጁን ለካቴና ሲዘረጋላት ካቴናውን ኪሷ ውስጥ ተወችው፣ ክንዱን ደግፋ ወደ መኪናው ወሰደችው።

ሌምፒ ዘንድ የደረሰችው በማግስቱ ነው። እንዲህ ያለ ወሬ የሚነገርበት መልካም ሰዓት የለም። ሌምፒ ማዕዱ ላይ ሁለት ሳህን አስቀምጣለች፤ እሑድ ዋይኖ ከሷ ጋር ነው የሚበላው።

«ዋይኖ ቀረ» አለች። «አንቺ መጣሽ።»

«እማማ፣ ቶድ ጥሎዎት አልሄደም።»

ሌምፒ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ማርሊስ ሁሉንም ነገረቻት፤ የሩዲን ውሸት፣ ፍራሹን፣ ጨለማውን፣ አካፋውን። የዋይኖን ስም ስትጠራ ሌምፒ ሁለተኛውን ሳህን አየች፤ አንስታ ከሷ ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው።

«እዚህ ወንበር ላይ» አለች። «እዚሁ ተቀምጦ ወጥ ጨምሪልኝ ይለኝ ነበር።»

«አዎ እማማ።»

«ጠዋት ሊገባ ነበር?»

«ጠዋት ሊገባ ነበር። ለሩዲም ለዋይኖም ያለው እሱን ነው።»

ማርሊስ ይህ ቢያንስ ያጽናናታል ብላ ነበር። የገባችውን ቃል የጠበቀችም መስሏት ነበር። ሌምፒ ግን ፊቷ እየባሰ እየጨለመ ሄደ።

«አሁን የት ነው ያለው?»

«ሐይቁ ውስጥ።»

«መቃብር የለውም?»

«የለውም እማማ። ሐይቁን ልናስፈትሽ እንችላለን፣ ግን ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ … አናገኘውም ብዬ ነው የምፈራው።»

ሌምፒ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከጣቶቿ ሥር የሚወጣውን ለመስማት ማርሊስ ወንበሯን ማስጠጋት ነበረባት።

«ረገምኩት እኮ። በየማታው፣ ልተኛ ስል። ሌላ ሰው ለልጁ ይጸልያል፤ እኔ ልጄን ረገምኩት። ‹በር ዘጋሽብኝ ብለህ እኔን ሜዳ ላይ እንደጣልከኝ፣ አንተንም ማረፊያ ይንሳህ› ነበር የምለው። ማረፊያ ይንሳህ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቀን ሳላስታጉል። ይሞቃል፣ ይበላል፣ ይስቅብኛል ብዬ። ለካ ያን ጊዜ …» ቀና ብላ ማርሊስን አየቻት። «ደረሰበት አይደል? ንገሪኝ! ማረፊያ አጣ አይደል?»

ማርሊስ «አይደለም» ልትላት አፏን ከፈተች። ልጁ ሲሞት እርግማኑ ገና ከአፍዎ አልወጣም፣ እርስዎ አልገደሉትም፣ ሊገባ ነበር፣ ሊገባ ነበር እኮ ልትላት ፈለገች። ሁሉም እውነት ነበር። የሌምፒን ዓይን ስታየው ግን አንዱም እንደማያጽናናት ገባት። እጇን ያዘቻት፤ ሌምፒ እጇን ቀማቻትና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።